ስም የሌላቸው የደሴ ልጆች፦ ለእህቴ ሰርግ የቀጠርነው ባንድ

ከጥር ወዲህ ስልኬ አላረፈም። የእህቴን ሰርግ ያየ ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። "እነዚያ ልጆች እነማን ናቸው? ስንት አስከፈሏችሁ? ለእኛስ ይመጣሉ?" ለእያንዳንዱ ሰው በስልክ ማስረዳት ስላልቻልኩ እዚህ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው። ደግ ደጉን ብቻ አልጽፍም። ያስከፋኝም ነገር አለ። ሰርግ አንዴ ነው፤ የሚቀጥራቸው ሰው የሚያገኘውንም የማያገኘውንም አውቆ ይቅጠር።

ከስማቸው ልጀምር። ስም የላቸውም። ውል ስንጽፍ የባንዱ ስም የሚሞላበት ቦታ ላይ የአራቱን ልጆች ስም ደረደርን። ለምን ስም አታወጡም ብዬ ድምፃዊቷን ጠየቅኳት። "ስም ካወጣሽ ሰው ወዲያው ባህላዊ ናችሁ ወይስ ዘመናዊ ይልሻል። እኛ ደግሞ ገና ፈልገን አልጨረስንም" አለችኝ። ደሴ ላይ ግን ክራር በቤዝ የሚጫወቱት ልጆች ብትሉ የሚጠቁማችሁ ሰው አታጡም።

መጀመሪያ የሰማኋቸው አምና ክረምት ነው። የጦሳ ተራራ ጉም ወርዶ ፒያሳን ሸፍኗታል፣ ብርዱ አጥንት ይገባል። ሻይ ልጠጣ አንድ ካፌ ገባሁ። ጥግ ላይ አራት ልጆች ገመድ ይፈታሉ፣ ይቀጥላሉ። አንዱ ሽርጥ አገልድሟል፣ ከላይ የቆዳ ጃኬት፣ ከታች ስኒከር። ክራር ይዟል። ክራሩ ሆድ ላይ የክሩን ድምፅ የሚቀበል ትንሽ ፒክአፕ በፕላስተር ተለጥፏል፣ ገመዱ መሬት ላይ ወዳለች የጊታር ፔዳል፣ በእግር ስትረገጥ ድምፅ ወደምትለውጥ ሳጥን፣ ይሄዳል። ምን ሊያደርጉ ነው ብዬ እያየሁ ሳለ ልጁ አንዴ ደረደረ። አምባሰል ነው። ግን ድምፁ ተቀዷል፣ እንደ ሮክ ጊታር ይጮኻል፣ ከስሩ ደግሞ ቤዙ ቀስ ብሎ እንደ ሬጌ ይራመዳል። ሻዬ ቀዘቀዘ። የዚያን ማታ ለእህቴ ደውዬ "ሙዚቃውን ለእኔ ተዪው፣ ሌላ ሰው እንዳትቀጥሪ" አልኳት።

አራቱም ያደጉት አንድ ግቢ ውስጥ ነው። የቀበሌ ቤት፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ የልብስ ማስጫ ገመድ። ድራመሩ የጀመረው በ20 ሊትር ጀሪካን ነው። ክራር ደርዳሪው የመጀመሪያ ክራሩን ከዘይት ጣሳ ሠርቶ፣ የብስክሌት ፍሬን ገመድ ተርትሮ ነው ክር ያደረገለት። ቤዚስቱና ድምፃዊቷ የሥጋ ዘመድ አይደሉም፣ ግን የእሱ እናት ገበያ ስትውል የምታጎርሰው የእሷ እናት ነበረች። ድምፃዊቷ ኪቦርድም ትጫወታለች። አሁን ሁሉም ሌላ ሥራ አላቸው። ድራመሩ ባጃጅ ይነዳል፣ ቤዚስቱ ስልክ ይጠግናል፣ ክራር ደርዳሪው ልብስ ሰፊ ነው፣ እሷ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። ልምምዳቸው ማታ ማታ ነው።

ድምፃቸው ለምን እንዲህ ሆነ የሚለውን የነገረኝ ቤዚስቱ ነው፤ ሳልጽፈው ማለፍ አልፈልግም። ድሮ እንደማንኛውም የሰርግ ባንድ ጊታር ነበራቸው፣ ክራሩ ለጨዋታ ያህል ነበር። በ2014 መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ አራቱም ቤተሰቦች ከተማዋን ጥለው ወጡ። ሲመለሱ ጊታሩ የለም፣ ኪቦርዱ የለም። የተረፈችው ያቺ የጊታር ፔዳል ናት፤ ክራር ደርዳሪው ቦርሳው ውስጥ ረስቷት አብራው ስትዞር ነበር። ጊታር መግዣ ብር ከየት ይምጣ? ክራር ግን ራስህ ትሠራለህ። እና ክራሩን ፔዳሏ ላይ ሰኩት። ኪቦርዱን በኋላ በብድር ገዙ። ጊታሩን ግን መግዣው ሲገኝም አልገዙትም። ክራሩ ቦታውን ይዟል።

ወደ ሥራው ልግባ። ሰርጉ ኮምቦልቻ ነበር። ሙሉ ዋጋቸው ያኔ 60 ሺህ ብር ነበር፣ ግማሹን ቀብድ ከፈልን፣ ግማሹን በማግስቱ። ስፒከርና ሚክሰር እነሱ የላቸውም፣ ኪራዩ በእኛ ነበር። ዋጋውን ሲነግሩኝ ትንሽ አንገራግሬ ነበር፤ አንድ ዲጄ በዚህ ግማሽ ይመጣል። ነገር ግን ዋጋ ላይ አልተከራከሩኝም፣ ሌላ ነገር ላይ ነው የተከራከሩኝ። ክራር ደርዳሪው "እህቴ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ። ከሰርጉ ሦስት ሰዓት ቀድመን እንድንገባ ፍቀጂልን" አለኝ። ምክንያቱን ስጠይቀው የሐረጎን መንገድ አስታወሰኝ። ደሴ 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ደግሞ ወደ 1850 ሜትር ዝቅ ትላለች። ያን ጠመዝማዛ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ስትወርድ ከብርድ ወደ ሙቀት ነው የምትገባው። ሰው ጃኬቱን ያወልቃል፣ ክራር ግን ክሩ ይላላል። እንደደረሰ ቢቃኘው ከግማሽ ሰዓት በኋላ ደግሞ ይወርዳል። ክሩ ሙቀቱን ለምዶ እስኪረጋ መጠበቅ አለበት። እንዲህ ለመሣሪያው የሚጠነቀቅ የሰርግ ሙዚቀኛ አላጋጠመኝም ነበር። ሃይሩፏ ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት ግቢያችን ደረሰች። ልጁም ክራሩን ጥላ ስር አስደግፎ እንደ ሕፃን ሲጠብቀው ቆየ።

እኛ ቤት ወሎ ነው፤ አጎቶቻችን ግማሾቹ ሙስሊም፣ ግማሾቹ ክርስቲያን ናቸው። ስለዚህ ሁለት ድንኳን፣ ሁለት ወጥ ቤት። ባንዱን የት እናስቀምጠው የሚለው ብዙ አነጋግሮን ነበር። ልጆቹ ራሳቸው መፍትሔ አመጡ፤ በሁለቱ ድንኳኖች መሃል፣ ለሁለቱም ፊታቸውን ሰጥተው፣ ትንሽ ሰያፍ ቆሙ። ስፒከሩንም አንዱን ወደዚህ አንዱን ወደዚያ አዞሩት። ማንም ጀርባ አልተሰጠውም። ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ግን አጎቶቼ ልብ ብለውታል።

አሁን ሰው ሁሉ የሚያወራላትን የሙቀጫዋን ነገር ልንገራችሁ።

እናቴ ጠዋት ለቤተ ዘመድ አቦል ልታፈላ ጓዳ በር ላይ ቡና ትወቅጣለች። ልጆቹ ገመዳቸውን እየዘረጉ ነው። እናቴ ስትወቅጥ ልማድ አላት። ሁለቴ ትወቅጥና በዘነዘናው የሙቀጫውን ከንፈር አንዴ ነካ ታደርገዋለች፣ ዱቄቱ እንዲራገፍ። ዱብ፣ ዱብ፣ ቀጭ። ዱብ፣ ዱብ፣ ቀጭ። ዕድሜ ልኬን የሰማሁት ድምፅ ነው፣ ጆሮዬ ካላወቀው ቆይቷል። ድራመሩ ግን እጁ ላይ የነበረውን ገመድ ጣለ። ቆሞ አዳመጠ። ከዚያ መጥቶ አጎንብሶ "እናታችን፣ ይቺን እንዳያቆሟት" አላትና ማይክ አምጥቶ አጠገቧ ተከለ። እናቴ ደነገጠች። "ኧረ ተው ልጄ፣ ምን ልታደርግ ነው?" አለች። "ምንም አያድርጉ፣ ቡናዎን ይውቀጡ" አላት። ወቀጠች። የሙቀጫው ድምፅ በሁለቱም ድንኳን ስፒከር ወጣ። ልጁ ሄዶ ከበሮው ላይ ተቀምጦ በእግሩ ገባ፣ ቀጥሎ በእጁ። የእናቴ ሦስት ምት የእሱን ስድስት አገኘችው፤ ችክችካ ሆነ። ቤዙ ቀጠለ። ክራሩ ቀጠለ። ቡናው ተወቅጦ ሲያልቅ እናቴ አላቆመችም። ባዶ ሙቀጫ መውቀጥ ቀጠለች፤ ሴቶቹ እልል አሉ፣ ሰርጉ ከፕሮግራሙ ቀድሞ በዚያው ተጀመረ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ሁለት ሰዓት ያህል እንዲህ ነው ብዬ መግለጽ ይከብደኛል፣ ግን ልሞክር። ብዙ ባንድ ባህልና ዘመናዊ ቀላቅለናል ይላል። አብዛኛው የሚያደርገው ኪቦርድ ላይ የተዘጋጀ ምት ከፍቶ ከላዩ ማሲንቆ መጨመር ነው። እነዚህ ልጆች እንደዚያ አይደሉም። ቅኝቱን፣ ማለትም ዜማው የሚሠራባቸውን ድምፆች፣ ያውቁታል፣ ያከብሩታል፣ ከዚያ ነው ሌላውን የሚያስገቡት።

አምባሰሉን ውሰዱ። አምባሰል አምስት ድምፅ ነው ያለው። ከዶ ብንነሳ ዶ፣ ዝቅ ያለ ሬ፣ ፋ፣ ሶልና ዝቅ ያለ ላ። ሚ የለበትም። ኪቦርድ ተጫዋች ሁሉ እጁ የለመደው ኮርድ ውስጥ ግን ሚ አለ፤ ሙዚቃው ብሩህ ነው ወይስ የከፋው ነው የሚለውን የሚወስነውም እሱ ድምፅ ነው። አምባሰል ይህን አይወስንልህም። ለዚህ ነው አንዱ እየጨፈረበት ሌላው እንባው የሚመጣው። ኮርድ ሲደፉበት ያ ነገር ይጠፋል፤ በስንት ሰርግ ላይ ሲጠፋ ሰምቻለሁ። ይቺ ልጅ ግን አምባሰል ላይ ኪቦርዷን በሁለት ጣት ነው የምትጫወተው። ዶና ሶል፣ አንዳንዴ ፋ። ሌላው ባዶ። ያን ባዶ ቦታ ክራሩ ይሞላዋል፣ ፔዳሏ ስትረገጥ ድምፁ ይቀደድና ግቢውን ያናውጠዋል፣ ስትለቀቅ ተመልሶ እረኛ ይሆናል። በኋላ ስጠይቃት "ሚን መንካት እፈራለሁ" አለችኝ። ይህን የሚፈራ ሙዚቀኛ ስጡኝ።

ባቲ ቅኝትን ደግሞ ሬጌ አድርገውታል። ድራመሩ በእግሩ ሁለት እየመታ በእጁ ስድስት ይቆጥራል። ቤዚስቱ ደግሞ የመጀመሪያዋን ምት ይተዋትና ከኋላዋ ይገባል። እዚያች የተተወች ምት ላይ ትከሻ ራሱ ይሞላታል፤ እስክስታው ሳይታሰብ ይመጣል። ከባቲ የመጡ የሙሽራው ዘመዶች ነበሩ፣ የሰኞ ገበያ ነጋዴዎች። ቅኝቱ የከተማቸውን ስም መያዙን ያውቃሉና መጀመሪያ ሲሰሙት እርስ በርስ ተያዩ፣ ቅር ያላቸው መሰለኝ። ሦስተኛው ዙር ላይ ሲደርስ ሁሉም ቆመዋል።

አንቺ ሆዬን ያለ ምንም ቅልቅል ነው የተጫወቱት። ክራርና ድምፅ ብቻ፣ ለሙሽራዋ መግቢያ። ፔዳሏን አልነኳትም። የቱን መቀላቀል የቱን መተው እንዳለባቸው ማወቃቸው ለእኔ ትልቁ ችሎታቸው ነው።

ከመንዙማም የወሰዱት ነገር አለ። የወሰዱት ግን ጭብጨባውንና አውጪ ሲያወጣ ተቀባይ የሚቀበልበትን መንገድ ብቻ ነው፣ ቃሉን አይነኩም። ድራመሩ ይህን ሲያስረዳኝ ፊቱ ቆፍጠን አለ። "መንዙማ ውዳሴ ነው። ሰርግ ላይ በቤዝ አይባልም" አለኝ። ቃሉ የሰርግ ግጥም ነው፣ ጭብጨባው የዚያ ነው። ይህን ሲጀምሩ ትልቁ አጎታችን ከሙስሊሙ ድንኳን ተነሥተው ከዘራቸውን ይዘው ወደ ባንዱ ሄዱ። እኔ ተጣሉ ብዬ ልቤ ቆመ። እሳቸው ግን ቆመው አዳመጡና "ጭብጨባውን ከየት አመጣችሁት ልጆቼ?" አሏቸው። "ከአያቴ ቤት ነው አባባ" አለ ድራመሩ። "እንግዲያው አታፍጥኑት። አያትህ እንዲህ አታፈጥነውም" አሉት። ልጁ ሳይከራከር ምቱን አቀዘቀዘው። አጎታችን አንዴ፣ ሁለቴ አጨበጨቡና "አሁን ሆነ፣ ማሻአላህ" ብለው ተመለሱ። ከዚያ በኋላ ያ ዜማ እስኪያልቅ በዚያው ፍጥነት ነው የሄደው፤ እውነትም አዝግሞ ይሻላል።

አብሮ ማደግ መድረክ ላይ ምን እንደሚጠቅም ያየሁት ትዝታው ላይ ነው። ድምፃዊቷ ሁለተኛው ቤት ላይ ጉሮሮዋ ደረቀ። ምንም አላለችም፣ ዞር ብላም አላየችም። እጇ ወደ ውሃው ሃይላንድ ትንሽ ነቃነቅ ስትል ክራር ደርዳሪው የጨረሰውን ሐረግ ከመጀመሪያው ጀመረው። ቤዚስቱ ተከተለው። ጠጣች፣ ክዳኑን ገጠመች፣ በሰዓቷ ገባች። ሰው ሁሉ የተደረሰ ዜማ መስሎታል። ለልምምድ ብቻ የተገናኘ ሙዚቀኛ ይህን አያደርግም፤ ይህ እናታቸው ስትጠራቸው ማን እንደተጠራ ከድምፅዋ የሚያውቁ ልጆች ሥራ ነው።

አሁን ያስከፋኝን ልናገር።

አንደኛው የመሃሉ ሰዓት ነው። ከምሳ በኋላ አንድ ሚዜ ሄዶ የታወቁ የሰርግ ዘፈኖች ዝርዝር ሰጣቸው። ልጆቹ እንግዳ ላለማስቀየም እሺ አሉ። አርባ ደቂቃ ያህል ማንም ባንድ የሚጫወተውን ተጫወቱ፤ ያውም ከሌላው በባሰ ሁኔታ። ኪቦርዱ የተዘጋጀ ምት ተከፈተ፣ ድራመሩ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ፣ ክራሩ አይሰማም። ሰው ወደ ስልኩ ዞረ። የእነሱ ያልሆነ ነገር ሲጫወቱ ልባቸው አይገባም፣ መደበቅም አያውቁበትም። ሚዜው ላይ ብቻ አልፈርድም። ሙያቸው ከሆነ በትሕትና "ይህን አንችልበትም፣ የእኛን እንስጣችሁ" ማለት መቻል ነበረባቸው።

ሁለተኛው የመብራቱ ነገር። አሥር ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። ጀነሬተር ነበረን፣ ነዳጁ ግን በቂ አልነበረም፣ ሰው እስኪላክ ሃያ አምስት ደቂቃ ሄደ። የገረመኝ ልጆቹ ዝም ማለታቸው ነው። ክራር ይዘዋል፣ ከበሮ አለ፣ ሁለት ድንኳን ሙሉ የሚያጨበጭብ ሰው አለ። ክራር መብራት አይፈልግም! እነሱ ግን ገመዳቸውን ሲፈትሹ ቆዩ። ማታ ይህን ስነግራቸው ክራር ደርዳሪው አንገቱን ደፋ። "ያለ ፔዳሏ ከተጫወትኩ ስለቆየሁ አላሰብኩትም" አለኝ። ይህ ሊያሳስባቸው ይገባል። ከጦርነት በኋላ ከምንም ተነሥተው የሠሩት ድምፅ በአንድ ሶኬት ላይ መንጠልጠል የለበትም።

ሌላው ድምፅ ነው። ስፒከሩን ያከራየን ሰው ሚክሰሩን አምጥቶ ሰክቶ ሄደ፣ የሚቆጣጠር ባለሙያ አልተወልንም። ማይኩ ደጋግሞ ያፏጭ ነበር። ቤዙ በዝቶ የፊት ረድፍ የተቀመጡ አዛውንቶች ደረታቸውን ይዘው ወደ ኋላ ወንበር ቀየሩ፣ የድምፃዊቷ ግጥም ደግሞ ከኋላ አይሰማም። ልጆቹ ከመካከላቸው አንዱን አስወርደው ከሰው መሃል ቆሞ እንዲያዳምጥ ማድረግ ይችሉ ነበር። አላደረጉም። እርስ በርስ ስለሚደማመጡ ለሌላውም የሚሰማ ይመስላቸዋል። በዘፈንና በዘፈን መካከልም እንዲሁ ነው፤ ተሰብስበው ይንሾካሾካሉ፣ ይሳሳቃሉ፣ ሰዉ ቆሞ ይጠብቃል። ፍቅራቸው ደስ ይላል፣ ግን እንግዳው ከግቢያቸው ውጭ እንደቀረ ይሰማዋል።

አንዳንድ ሰው ደግሞ "ባህሉን አበላሹት" ብሏል። በዚህ አልስማማም። ወሎ ከመቼ ወዲህ ነው አንድ ወጥ የሆነው? አራቱም ቅኝቶች፣ ትዝታ፣ አምባሰል፣ ባቲና አንቺ ሆዬ፣ ስማቸው ሲነሣ ወሎ አብሮ ይነሣል፤ አምባሰል ከሐይቅ ወዲያ ያለው ተራራና አገር ነው፣ ባቲ ከኮምቦልቻ በምሥራቅ ያለችው የገበያ ከተማ ናት። ሙላቱ አስታጥቄ የጅማ ልጅ ነው፤ ለንደንና ቦስተን ተምሮ እነዚህኑ አምስት አምስት ድምፆች ከጃዝ ጋር ሲያገናኛቸው ኢትዮ ጃዝ ተባለ፣ ዛሬ ዓለም ይኮራበታል። ማሪቱ ለገሰን የአምባሰል ንግሥት የምንላት አምባሰልን ከሙሉ ባንድ ጋር ስትዘፍንም አምባሰልነቱን ስላላስጣለችው ነው። መቀላቀል ጥፋት አይደለም፣ ሳያውቁ መቀላቀል ነው ጥፋቱ። ደሴ ላይ የንጉሥ ሚካኤል የግብር አዳራሽ ስሙ አይጠየፍ ነው። ማንንም አይጠየፍም ማለት ነው። እነዚህ ልጆች የዚያች ከተማ ልጆች ናቸውና ሙዚቃቸውም ሬጌ መጣ ሮክ መጣ አይጠየፍም፤ ግን ቤቱ የማን እንደሆነ አይረሳም።

ስለዚህ ማን ይቅጠራቸው? እንግዳው ሁሉ የሚያውቀውን ዘፈን አብሮ እንዲዘፍን የምትፈልጉ ከሆነ ዲጄ ይሻላችኋል፣ በግማሽ ዋጋ ነው፣ አትከፉም። ሰርጋችሁ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ፣ አምስት ስድስት መቶ ሰው ያለበት ከሆነም አልመክርም፤ ድምፃቸውን የሚያስተካክል ሰው እስኪያገኙ ድረስ ይዋጣሉ። ግቢ ውስጥ፣ ድንኳን ስር፣ ፊት ለፊት የሚያያቸው ሰው ባለበት ግን ወላሂ አቻ የላቸውም። ለመልስ ደግሞ ከዚያም ይሻላሉ፤ ሰዉ ትንሽ ነው፣ ጥድፊያ የለም።

ከቀጠራችኋቸው ዝርዝር አትስጧቸው። ለሚዜዎቹም ቀድማችሁ ንገሩ። ስፒከር የሚያከራያችሁን ሰው ሚክሰሩ ላይ የሚቆም ልጅ ጨምሮ እንዲልክ በውል አስገቡት፣ ብሩን ከመክፈላችሁ በፊት። ነዳጅ ከዋዜማው ይገዛ። ሰርጉ ቆላ ከሆነ ለክራሩ ጥላና ጊዜ ስጡት። አምባሰሉን ምሽት ላይ አታድርጉት፤ ሰው ሳይደክም፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ በረድ ሲል ነው የሚያምረው። ልጅቷ ምግብ ሳትበላ ነው የምትዘፍነው፣ ድርሻዋን ለይታችሁ አስቀምጡላት። የእኛ ቤት ሴቶች ይህን ዘንግተው ማታ ላይ ጾሟን መዋሏን ስንሰማ በጣም ነው ያዘንነው።

ከሰርጉ ሦስት ሳምንት በኋላ ደሴ ወጥቼ እንደገና ሰማኋቸው፣ እዚያው ካፌ። መሃል ላይ ሆን ብለው ሁሉንም ገመድ ነቀሉ። ክራር ደርዳሪው ወንበሩን ወደ ሰው ጠጋ አደረገና ያለ ፔዳል አንድ ትዝታ ተጫወተ። መጀመሪያ ጣቱ ፈራ ተባ ይል ነበር፣ ድምፁም ቀጥኗል። ካፌው ዝም ሲል ግን እያገኘው ሄደ። ድራመሩ አጠገቡ መሬት ላይ ተቀምጦ ነበር፣ እግሩ መሃል ሙቀጫ አለ። ሁለቴ ወቀጠ፣ ከንፈሩን አንዴ ነካ። ዱብ፣ ዱብ፣ ቀጭ።

የእናቴ ሙቀጫ ናት። ሰርጉ ማግስት ቀሪ ክፍያቸውን ሊወስዱ ሲመጡ ልትሸጥልን ትችላለች ወይ ብለው በእኔ በኩል አስጠየቁ። እናቴ "ሙቀጫ ይሸጣል እንዴ?" አለችና በነጠላ ጠቅልላ ሰጠቻቸው። ለቤት ሌላ ገዝተናል። አዲሷ ገና አልተሟሸችም፣ ድምፅዋ ይጠነክራል።